ያን ዓመት ማንም አላቋረጠም

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ነበር። እናቷ ከሥራ መቅረት ስለማይሆንላት ስብሰባ የእኔ ድርሻ ነው፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ዲሬክተሩ ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ስንገባ ተነስቶ ነው የተቀበለን። ከዚያ ሪፖርቱን ማንበብ ጀመረ። የዚህን ያህል ተማሪ ተመዘገበ፣ የዚህን ያህል አለፈ፣ "መጠነ ማቋረጥ" የሚሉት ደግሞ ከሞላ ጎደል የለም አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን አነሳሁ። የጎረቤቴን ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍሏን ሐናንን፣ የት እንዳደረሳት ጠየቅኩት። ወረቀቱን አገላበጠና ተዛውራለች አለኝ። ወዴት ስለው በወላጅ ጥያቄ አለኝ። "ወዴት ነው ያልኩህ እንጂ በማን አላልኩም" አልኩት። ወረቀቱን እንደገና ማገላበጥ ጀመረ። "ዛሬ ጠዋት ቲማቲም የሸጠችልኝ እሷ ናት። የተዛወረችው ወደ መናኸሪያው ጥግ ከሆነ እውነትህን ነው።" ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ስብሰባው ሲያልቅ እስከ በሩ ሸኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እማማ የሺ፣ አቋረጠች ብዬ ብጽፍ ከወረዳ የሚጠየቀው እኮ እኔ ነኝ" አለኝ። ልጁን ጠልቼው አይደለም ያን ቀን እየተበሳጨሁ ቤቴ የገባሁት። ይህንኑ ቃል፣ ከዚህችው ከተማ፣ ገና ጥርሴን ሳልጨርስ ሰምቼው ስለነበር ነው።

ያን ጊዜ ከተማችንን ጭሮ የሚላት የገጠሩ ሰው ነበር፤ በወረቀት ላይ አሰበ ተፈሪ ነበረች። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን ከዋናው መንገድ ዳር ከአንድ የመናዊ ሱቅ በረንዳ ላይ ተክሎ፣ ለገጠሩ ሰው ሽርጥ ይዘመዝማል፣ ለእኛ ለተማሪዎቹ ከካኪ የደንብ ልብስ ይሰፋል። ከድሬዳዋ የሚመጡት ኤንትሬ የጭነት መኪኖች ዳገቱን ሲያቃስቱ ወጥተው ከበረንዳው ፊት ሲቆሙ የናፍጣው ሽታ ከጨርቁ ሽታ ጋር ይደባለቃል፤ ዛሬም አዲስ አቡጀዲ ሳሸት ናፍጣ ይሸተኛል። ሹፌሮቹ እየተንጠራሩ ወርደው ሻይ ቤት ይገባሉ። ሻይ ቤቱ አንድ ትልቅ ሬዲዮ ነበረው፤ አንድ ቀን የዐረብ ዑድ፣ አንድ ቀን የአዲስ አበባ ዘፈን ያንቆረቁራል፤ እኛ ልጆቹ ደጅ ቆመን በነፃ እንሰማለን። ሁለት እንቁላል በአምስት ሳንቲም ነበር። ደብተር በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ጀርባው ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ የታተመበት። ኮንጎ ጫማ ያደረገች ልጅ እግሯን ወደፊት ዘርግታ ነበር የምትቀመጠው፤ እንዲታይላት። የክፍላችን አግዳሚ ወንበር ለሦስት ሰው ነበር፤ እኔና ሐሊማ ግን ሦስተኛ ሰው አናስጠጋም። ደብተራችንን መሃል አንጥፈን ቦታ ተይዟል እንላለን።

ሐሊማ የሚኤሶ ልጅ ነች። አባቷ ስለሞተ እናቷ ታች ቆላ ማሽላዋን እያረሰች፣ እሷን ለትምህርት ብላ አሰበ ተፈሪ ከአክስቷ ዘንድ አስቀመጠቻት። አክስቷን አዳዳ ሙሚና እንላታለን፤ በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ናት፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አዳዳ ነበረች። ጫት ትነግዳለች፣ ትጮሃለች፣ ትሰጣለች። ሐሊማ ግን ዝምተኛ ነበረች፤ የሚጮኸው እጇ ነው። አስተማሪው ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ እጇ ተነስቶ ይጠብቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ፣ ማሽላው ወተት ሲይዝ፣ ግሪሳ የሚሉት ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል። ወንድሞቿ ከብት ተከትለው ሩቅ ናቸው። ስለዚህ ሐሊማ በጭነት መኪና ወደ ሚኤሶ ትወርዳለች፤ ማሽላው መሃል ከተተከለው ማማ ላይ ወጥታ፣ ወንጭፍ ይዛ፣ ከጎህ እስከ ማታ ወፍ ስትጮህበት ትውላለች። ማሽላው ሲታጨድ፣ የኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ ፀሐይ አክስሏት፣ ድምፅዋ ተዘግቶ፣ ጥንቅሽ ተሸክማ ትመለሳለች። አስተማሪዎቹ ያውቁታል። ስትመለስ ከእኔ ደብተር እየገለበጠች ትይዛለች፣ የገና በዓል ሳይደርስ ትቀድመኛለች። ለዚህ ማንም ስም አላወጣለትም ነበር። ማቋረጥ ነው ያለ የለም። ማሽላ ጥበቃ ሄደች ነው የሚባለው።

አራተኛ ክፍል ሳለን ግን ከሐረር የትምህርት ቤት መርማሪ ይመጣል ተባለ። እሱ የሚያየው በአንድ ቀን ስንት ተማሪ ወንበር ላይ እንዳለ ነው። ተማሪ ያነሰበት ክፍል ይታጠፋል፣ አስተማሪው ወደማያውቀው በረሃ ይዛወራል እየተባለ ይወራ ነበር። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ አስተማሪያችን ግን አምኗል፤ ሚስቱ አራስ ነበረች። ወሩ ደግሞ ግማሹ ልጅ ቡና ለቀማ ወደ ገለምሶ፣ ግማሹ ማሽላ ጥበቃ ወደ ቆላ የወረደበት ነው። መርማሪውን በጥር ላኩልን ብሎ ለሐረር የሚጽፍ ወንድ ጠፋ። ዲሬክተሩ ሌላ መላ አመጣ። ከቄሱ ተማሪ ቤትም፣ ከቁርአን ቤትም ልጆች በውሰት መጡ። እያንዳንዳቸው የሌላ ሰው ስም ተነገራቸው፤ ሲጠራ አቤት በሉ፣ ከዚያ በላይ እንዳትተነፍሱ፣ ከረሜላ እንሰጣችኋለን ተባሉ። ፊደል ሲደግም የነበረ ድንክዬ፣ ቡና ለቀማ የሄደ ጎረምሳ ሆኖ ከኋላ ወንበር እግሩ መሬት ሳይነካ ተቀመጠ። እኛ ሳቃችንን አፍነን ልንሞት ሆነ።

የሐሊማን ቦታ የያዘችው ግን ዘይነባ ነበረች፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የጋሽ ኡመር ልጅ። ከአባቷ ጋር ክፍል ትጠርጋለች። የተሰቀለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እየመታች ደወል ትደውላለች። ደውላ እኛን ካስገባች በኋላ ራሷ አትገባም፤ ሴት ልጅ የማስተምርበት አቅም የለኝም ይል ነበር አባቷ። ስለዚህ መስኮቱ ሥር ቆማ ትሰማለች። ብርሃን ጋረድሽብን እያልን እናባርራታለን፤ ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች። መርማሪው ስም እየጠራ መጣና ሐሊማ ሲል ዘይነባ ተነስታ አቤት አለች። ሌሎቹን በስም ብቻ ሲያልፋቸው እሷን ምን እንዳሳየው አላውቅም፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው አላት። ሃምሳ ስድስት አለች። መጽሐፍ ሰጣት፤ አነበበች። ጭንቅላቷን ዳበሰና ወደ ዲሬክተሩ ዞሮ፣ "ይህችን ሐሊማን በሚመጣው ዓመት መጥቼ አያታለሁ። አደራ" አለው።

በማግስቱ በውሰት የመጡት ሁሉ ከረሜላቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። ዘይነባ ብቻ ቀረች። መርማሪው ሲመለስ ያችን ፊት በዚያ ስም ካላገኘ ዲሬክተሩ ምን ሊለው ነው? የደንብ ልብሷን አባቴ ሰፋላት። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ደብተሬን ግን መሃል ላይ አንጥፌ ነበር። ሐሊማ ስትመለስ ሁሉም ወደ ቦታው ይገባል ብዬ ነበር የማስበው፤ ልጅ ነኝ፣ ቦታ ለባለቤቱ ይመለሳል ብዬ አምናለሁ።

ተመለሰች። እንደ ወትሮዋ ጠቁራ፣ ጥንቅሽ ይዛ፣ ጠዋት ገብታ ከሁለታችን መሃል ተቀመጠች። ምንም አልነገርኳትም፤ ከየት ብዬ እጀምራለሁ? አስተማሪው ስም መጥራት ጀመረ። ሐሊማ ሲል ሁለት አቤት ተሰማ። አንዱ ጥርት ያለ ነው፤ ሌላው ወፍ ሲጮህበት የከረመ፣ የተሻከረ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሐሊማ ወደ ዘይነባ ዞረች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ ከዚያ ተነስታ ድጋሚ አቤት አለች፤ ያልተሰማላት መስሏት። አስተማሪው ቀና ብሎ አላያትም። ወደ ቢሮ ሂጂ አላት።

አዳዳ ሙሚና ተጠርታ መጣች፣ እኔም ጭራዋ ሆኜ ገባሁ። የከለከለኝ አልነበረም። አዳዳ አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም፤ ዲሬክተሩንም አንተ ትለዋለች፣ እሱም መቆጣቱን ትቶታል። ነገሩን አስረዳት፣ እርጋታ በሞላበት ድምፅ። ሐሊማ የምትባል ተማሪ ክፍል ውስጥ አለች፣ ሪፖርቱ ወደ ሐረር ሄዷል፣ አሁን ሌላ ሐሊማ የማስገባበት ቦታ የለኝም አላት። እኔ መሃል ገብቼ፣ ወንበሩ ለሦስት ነው፣ ሦስታችንም እንቀመጣለን አልኩ። ዲሬክተሩ ያን ጊዜ ነው የተናደደው።

"አንቺ ልጅ፣ ወንበር ነው የጎደለኝ? ከላክሁት ቁጥር አንድ ቢጎድልም አንድ ቢተርፍም የሚጠየቀው እኔ ነኝ።"

አዳዳ፣ እንግዲያውስ ይህች ፊትህ የቆመችው ማን ናት አለችው። ለዚህ መልስ ነበረው፤ አስቦበት ነው የቆየው። በመስከረም ትምጣና እንደ አዲስ ተማሪ ከአንደኛ ክፍል እንመዝግባት አለ። ሐሊማ የሚለው ስም ስለተያዘ በዘይነባ ስም ብትገባ ማንም አይጎዳም፣ ያ ስም ባዶውን ነው አለ። ይህን ሲናገር የሚያሾፍ አይመስልም ነበር። ውለታ የዋለልን ነበር የመሰለው።

አዳዳ ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። "ወላሂ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ እኔ አልተማርኩም" አለችው። "ልጄን በስሟ አመጣኋት፣ በስሟ እወስዳታለሁ።"

በሩ ላይ ዘይነባ ቆማ ታለቅስ ነበር። ሐሊማ አለፈቻት፣ ከዚያ ተመለሰች። እመታታለሁ ብትል ኖሮ አግዛት ነበር፣ እጄ ዝግጁ ነበር። ሐሊማ ግን ያን ቀን የደረሱበትን የሒሳብ ምዕራፍ ጠየቀቻት። ዘይነባ ነገረቻት። "ከዚያ ቀጥሎ ያለው ከባድ ነው፣ ቀስ ብለሽ" ብላ ሐሊማ መከረቻትና ሄደች። በሳምንቱ ጫት ጭኖ በሚወርድ መኪና ወደ ሚኤሶ ወረደች።

እኔ አልተውኩም። ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራና ዘይነባ አቤት ስትል፣ እኔ ደግሞ ተነስቼ "እሷ ዘይነባ ናት" እላለሁ። ጠጠር ላይ አንበረከኩኝ። በማግስቱ ደገምኩ፣ አሁንም ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል። በመጨረሻ አባቴን ጠሩት። ማታ ጨርቅ እየቀደደ፣ ቀና ሳይል፣ "የተቀመጠችውን አስነስተሽ ነው የቆመችውን የምታስቀምጪው?" አለኝ። እኔም ሁለቱም የማይቀመጡት ለምንድን ነው አልኩት። መቀሱን አስቀመጠ። የጋሽ ኡመርን ልጅ ደስታ አይተሻል ወይ አለኝ። አይቻለሁ። ክፋቱም እዚህ ላይ ነበር። ዘይነባን መጥላት አቃተኝ። ምሳዋን ታካፍለኛለች፣ በእሷ ምክንያት ስንበረከክ ከእኔ በላይ የምትሳቀቀው እሷ ናት። ለአንዷ ድሃ የሰጧት ከሌላዋ ድሃ ቀምተው ነው፤ እኛን እርስ በርስ አፋጥጠው እነሱ ንጹህ ወረቀት ይዘው ቁጭ አሉ። 

ሰኔ ሠላሳ ደረሰ። የዚያን ጊዜ ሰኔ ሠላሳ እንደ ዓመት በዓል ነው። ወላጅ ነጭ ለብሶ ይመጣል፣ ሜዳው ላይ አግዳሚ ይደረደራል፣ የወረዳው ሹም ከፊት ይቀመጣል፣ የጠርሙስ ሎሚናት የሚሸጡ ልጆች በአጥሩ ዙሪያ ይተራመሳሉ። ዲሬክተሩ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የዓመቱን ሪፖርት አነበበ። ከአራተኛ ክፍል በዚህ ዓመት ትምህርቱን ያቋረጠ አንድም ተማሪ የለም አለ። ጭብጨባው ሲበርድ ተነስቼ "ሐሊማስ?" አልኩ። ድምፄ የወጣውን ያህል ነው የጮህኩት። ዲሬክተሩ አልደነገጠም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ፣ "ሐሊማ፣ ነይ ካርድሽን ውሰጂ" አለ። ዘይነባ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ለእሷም ተጨበጨበላት። ከኋላ ጋሽ ኡመር እንባውን በጥምጥሙ ጫፍ ሲጠርግ አየሁት። ተቀመጥኩ።

እኔም ስድስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ዳሩኝ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር፤ ስለ እሱ አይደለም የማወራው። ከብዙ ዓመት በኋላ ሥራ ልቀጠርበት ብዬ የተማርኩበትን ማስረጃ ልጠይቅ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ጸሐፊው መዝገብ ገልብጦ "በራሷ ፈቃድ ለቀቀች" ይላል አለኝ። በራሷ ፈቃድ። እኔን ማን ጠየቀኝ? የሠርጌን ቀን እንኳ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። በሐሊማ ጊዜ የሄደውን አልሄደም አሉ፣ በእኔ ጊዜ የተወሰደውን ሄደ አሉ፣ በሐናን ጊዜ ደግሞ ተዛወረ ይላሉ። ቃሉ እየዘመነ ይሄዳል። ልጆቹ ግን ጥግ ላይ ናቸው፤ ሄዶ ማየት ነው። ወጣቱ ዲሬክተር እንዳለው የሚጠየቀው እሱ ከሆነ፣ ይጠየቅ። ልጅቷ ለምን እንደቀረች የሚጠይቅ አንድ ሰው ከላይ ቢኖር እኮ እሱም እውነቱን ለመጻፍ አይፈራም ነበር። የሚጠይቁት ቁጥሩ ለምን ከፋ ብለው ነው።

ሐሊማን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከዚያ በኋላ ያገኘኋት። አግብቼ ጨርቅ መነገድ ጀምሬ ነበር። ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው ከአሰበ ተፈሪ በመኪና ወደ ሚኤሶ ወርዶ ባቡር ይጠብቃል። ሚኤሶ ሙቀቱ ፊትን ይገርፋል፤ ጣቢያው ዛፍ ሥር ሴቶች ወተት፣ ሎሚ፣ ሐብሐብ ይሸጣሉ። አንዷ ሐብሐብ ብላ ስትጣራ ድምፅዋን ከሩቅ ለየሁት፤ እንደተሻከረ ቀርቶ ነበር፣ ጥራቱ አልተመለሰላትም። ልጅ አዝላለች። ተቃቅፈን ቆየን። "አቦ የሺ፣ ወፍረሻል፣ ባልሽ ቅቤ ነጋዴ ነው?" አለችኝ። ተሳሳቅን። ከዚያ፣ "ያቺ ሐሊማ ደህና ናት?" አለችኝ፤ ዘይነባን ማለቷ ነው። ደህና ናት አልኳት፤ ለድሬሰርነት፣ ለሐኪም ረዳትነት፣ ሐረር ልትማር ሄዳለች፣ ታማሚው ሁሉ በአንቺ ስም ሊጠራት ነው አልኳት። መጥፎ ፊት አላሳየችም። አልሐምዱሊላህ አለች።

እኔ ግን ዝም ማለት አልችልም፤ ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። ሰኔ ሠላሳ ዲሬክተሩ ማንም አላቋረጠም ብሎ እንዳነበበ፣ ሰው እንዳጨበጨበ፣ እኔ እንደጮህኩ፣ ማንም እንዳልሰማኝ ነገርኳት።  እሷ ለአንድ መንገደኛ ሐብሐብ እየቆረጠች ነበር፤ ጨርሳ ሰጠችው። ቢላዋዋን በሽርጧ ጠረገች።

"ካርድ ወጣልኝ?" አለችኝ።

"ወጣልሽ።"

"ስንተኛ?"

ልዋሻት ፈለግኩ፣ ግን በዚያ ነገር ላይ ሌላ ውሸት ልጨምር አልሆነልኝም። ሁለተኛ አልኳት።

በጀርባዋ ያለውን ልጅ ወደ ላይ ገፋ አደረገችው። ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ፣ ሰው ጓዙን ማንሳት ጀመረ፣ ሴቶቹ ሐብሐባቸውን ተሸክመው ወደ ሐዲዱ ሮጡ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። አራተኛ ክፍል እያለን እጇ ተነስቶ አስተማሪውን ሲጠብቅ የነበራትን ፊት አየሁባት።

"ውሸት ነው" አለችኝ። "እኔ ሁለተኛ ወጥቼ አላውቅም።"